ቤት አይመታም

የመጀመሪያውን ፖስታ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤
ዓሣ እያጠብኩ፣ በእርጥብ እጄ፣
በብረቱ በር ቀዳዳ።
ቀይ ማኅተም ነበረው። አረብኛ ማንበብ አልችልም፣
ቀይ ግን አነባለሁ።

ማዳም ሙኒራ «መሳቢያ ውስጥ ክተቺው» አለችኝ፣
«ከእንግዳ ጠረጴዛ ልብሱ ሥር።»
ከተትኩት።
ሁለተኛው በሻዕባን መጣ።
ሦስተኛው በረመዳን፣ የማፍጠሪያው መድፍ ሲተኮስ፤
ቴምር በአፌ እንደያዝኩ ፈረምኩለት፣
«ጦይባ» ብዬ፣ በራሴ ፊደል።
ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም።
መሳቢያው አልዘጋ ሲል በጉልበቴ እገፋዋለሁ።

ባባ ዩሱፍ ሌሊት ሌሊት ጣራ ላይ ይወጣል።
የጀልባ ሞተር ነጋዴ ነበር፤
ቤቱን ለባንክ አስይዞ አርባ ሞተር አስመጣ፣
ሞተሮቹ ወደብ ላይ ጨው ይጠጣሉ።
አውሮፕላን የሙሐረቅን ጣሪያዎች ታክኮ ሲያርፍ
ቀና ብሎ ያያል፤
መሄድ እንዳማረው ሰው ሳይሆን
ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው።

ኪሳራው በሹፌሩ ጀመረ፤ አንድ እሑድ ቀረ።
ከዚያ የበጉ ሥጋ ዶሮ ሆነ፣
ዶሮው ሽንብራ።
ከዚያ ሐምሌ ገባ፣ ማቀዝቀዣው በአንድ ክፍል ብቻ ይሠራ ተባለ፣
እኛም ወደዚያው ተሰበሰብን፤
ማዳም፣ ባባ፣ ሦስቱ ልጆች፣
እኔ በበሩ ሥር።
በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ
የባባን ማንኮራፋት ሰማሁ።
ደመወዜ?
እሱማ ከሹፌሩም ቀድሞ ቀርቷል።
አልጠየቅኩም፤ የሚሰምጥ ሰው ኪሱ ይበረበራል?

ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው መጥቶ
ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፈው።
ማዳም ስፖንጄን ነጥቃኝ ወጣች፤
ጎረቤት ሳያይ ልታጥበው።
ፈተገች፣ ፈተገች፣
ቀዩ እየቀላ ሄደ።
«ማዳም» አልኳት፣ «ይሄ በሳሙና አይለቅም።»
ገብቼ መሳቢያውን እንዳለ መዘዝኩት፣
ከነጠረጴዛ ልብሱ፣
በታክሲ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድን።

ጠበቃዋ ሐናን ትባላለች።
ፖስታዎቹን እንደ ካርታ በየቀናቸው ደረደረች።
የመጀመሪያውን አነሣች፤
«ይቺን ይዛችሁ ብትመጡ፣
ከባንኩ ጋር ተቀምጠን ክፍያውን ባስረዘምን፣
ምናልባት ቤቱም ይተርፍ ነበር።»
ሦስተኛውን አነሣች፤
«በዚች እንኳ ጊዜ እንገዛ ነበር።»
የመጨረሻውን አንሥታ
ምንም ሳትል መልሳ አስቀመጠችው።

በተሰባበረ አረብኛዬ
«አገሬ ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ» አልኳት።
«እዚህ ደሴት ላይ ቅጠል ውድ ነው» ብላ ሳቀች፤
ሳቋ ሳያልቅ ግን፣ «አንቺ ማነሽ?»
«ሠራተኛዋ።»
«ስንት ወር አልተከፈለሽም?»
ማዳም ወለሉን አየች። እኔም ወለሉን አየሁ።
ንጹሕ ወለል ነበር፣ አንዲት እንደኔ ያለች ወልውላዋለች።
«አሥራ አራት።»
ጻፈችው፤
ስሜን ከባንኩ ስም በታች፣
ከሞተር ፋብሪካው ስም በላይ።
«አንቺም አበዳሪ ነሽ» አለችኝ።
አበዳሪ!
ከከሚሴ ስወጣ የአውቶቡሱን እንኳ በብድር የከፈልኩት እኔ።

ማዳም በመመለሻችን እስከ ድልድዩ ድረስ አልተናገረችም።
ድልድዩ ላይ እጄን ያዘች፤
ደሞ ወዲያው ለቀቀችው።

አገሬ ግጥም የሚያውቁ ሰዎች
«ቤት ይምታ እንጂ» ይላሉ።
እኔ ቤት ሲመታ አይቻለሁ፤
በመዶሻ፣ ሦስት ጊዜ፣
ማይክ በያዘ ሰው፣ ከሰዓት በፊት።
ከእንግዲህ ምንም ባወራ ቤት አይመታልኝም።

አሁን የምንኖረው በኪራይ ነው፣ ከዳቦ ቤት ፎቅ ላይ፣
ሁለት ክፍል፣ አንድ መሳቢያ የሌለው ቁም ሣጥን።
የእኔ ገንዘብ ገና ወረፋ ላይ ነው፤
ሐናን ደውዪ ስትለኝ እደውላለሁ።
ፖስተኛው ደረጃውን ሲወጣ
ማዳም ሙኒራ በባዶ እግሯ ትቀድመኛለች፤
እዚያው በሩ ላይ ቆማ
በጥርሷ ትቀደዋለች።